ግማሽ ካሬ የለም

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ደብተር ላይ አቀርቅረህ ምንድን ነው የምታሰፋው?»

እትዬ ናቸው። ላንቻ በምኖርበት ግቢ ውስጥ የሳቸው በርና የኔ በር ትይዩ ነው። እኔ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ስልኬን ከጀበና ማስቀመጫው ጋር አስደግፌ፣ አንዴ ስልኩን አንዴ ደብተሩን እያየሁ ካሬ በካሬ አጠቁራለሁ።

«አይሮፕላን እየሳልኩ ነው እትዬ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ደብተሩን ተቀበሉኝ። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ደሞ አራቁት።

«ይሄማ ዳንቴል ነው!» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። ዳንቴል በኪሮሽ ሲሠራ የሚሞላ ዓይን አለ፣ ክፍት የሚተው ዓይን አለ። አበባውም፣ ወፉም፣ ዋንጫውም የሚወጣው ከነዚሁ ከሁለቱ ነው። እትዬ የሚያዩት ንድፍ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ የተሞላ ነው፤ ጥቁሩ ካሬ ሙላ ይላል፣ ነጩ ተው ይላል። የኔም ሥራ ከዚህ አይለይም። በስልክና በኮምፒዩተር ላይ የምናየው ሥዕል ሁሉ ከደቃቅ ካሬዎች የተሠራ ነው፤ ካሬዋ ፒክስል ትባላለች። እጅግ ብዙ ስለሆኑ ዓይን አይለያቸውም። የፒክስል ሥዕል የሚሠራ ሰው ግን አውቆ ጥቂት ያደርጋቸውና እያንዳንዷን በእጁ እየቆጠረ ይሞላታል።

በኋላ አንድ ነገር ሳነብ የእትዬ ሳቅ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው ማኪንቶሽ ለተባለው ኮምፒዩተር ትንንሾቹን ምልክቶች የሳለችው ሱዛን ኬር የምትባል አሜሪካዊት ናት። ሥራውን የጀመረችው ባለ ካሬ ደብተር ገዝታ፣ 32 በ32 ካሬ ከልላ ነው። ክር እየቆጠሩ መጥለፍን ደግሞ ከእናቷ ተምራ ነበር። እንግዲህ እትዬ አልተሳሳቱም ማለት ነው፤ እኔ ነኝ ዘመዴን ያላወቅሁት።

ለምን አይሮፕላን ትስላለህ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ላንቻ ያደገ ሰው ግን አይጠይቀኝም። ሰፈራችን ራሷ ስሟን ከጣልያን መኪና የወሰደች ናት። ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ ወደ ደቡብ ብታዩ፣ ወደ ቦሌ የሚያርፉት አይሮፕላኖች ጎማቸውን ዘርግተው ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ልጆች ሆነን በድምፃቸው እንለያቸው ነበር። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ደሞ የአየር መንገዱ ካላንደር አለ፤ ዓመቱ ካለፈ በኋላም ሥዕሉ ስለሚያምር አይወርድም። የመጀመሪያው አስተማሪዬ ይኸው ካላንደር ነበር።

አሠራሩን ላስረዳ። አንድ ካሬ አንድ ሜትር ነው እላለሁ። ቦይንግ 787-8 ከአፍንጫው እስከ ጭራው 57 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 57 ካሬ ይሆናል። ቁመቱ 17 ሜትር ነው፤ 17 ካሬ። የአካሉ ወፍራምነት ወደ 6 ሜትር ነው፤ 6 ካሬ። በቃ! ያ ሁሉ ግዙፍ ነገር በአንድ የደብተር ገጽ ላይ ገባ ማለት ነው።

«ታዲያ ፎቶውን በማሽን አታሳንሰውም?» ያለኝ የክፍል ጓደኛ አለ። ሞክሬዋለሁ። ማሽኑ አጠገብ ለአጠገብ ያሉትን ቀለሞች ሁሉ እያማከለ አንድ ያደርጋቸዋል። የነጩ አካል ጠርዝ ከሰማዩ ጋር ይደበላለቃል፤ ጭራው ላይ ያሉት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተዋሕደው ጭቃ ይመስላሉ። ማሽን ማሳነስ ይችላል፣ መምረጥ ግን አይችልም። የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን የሚወስን ሰው ነው።

የሚቀረውማ ስንቱ ነው! የ787 መስኮት ከሌሎች አይሮፕላኖች መስኮት ይበልጣል ይባልለታል፤ ቢሆንም ቁመቱ 47 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 27 ሴንቲ ሜትር ነው። ካሬዬ አንድ ሜትር ስለሆነች አንዲት መስኮት ሩቧን እንኳ አትሞላም። ስሙም አይጻፍም። በአካሉ ላይ «የኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ ስድስት ፊደል ነው፤ የን ከዮ ለመለየት ብቻ አንድ ፊደል አምስት ካሬ ያህል ይፈልጋል። አምስት ካሬ ማለት አምስት ሜትር ነው፤ የአይሮፕላኑ አካል ራሱ ስድስት! ስለዚህ ስሟን ትቼ የጭራዋን ቀለም ብቻ አስቀራለሁ። የምታውቃት ሰው በዚያ ያውቃታል።

አግድም ያለው መስመር ቀላል ነው። ዘመም ያለው ነው የሚያስቸግረው። የጭራው ጠርዝ በካሬ ሲሠራ ደረጃ ይሆናል። ደረጃው ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያለ ከወረደ ዓይን እንደ ቀጥተኛ መስመር ይቀበለዋል፤ ሁለት፣ አንድ፣ ሦስት ካለ ግን የተሰበረ ነገር ያያል። ስልክ ላይ ስሠራ እዚህ ጋ አንዲት ማጭበርበሪያ አለችኝ። ነጩ አልቆ ሰማያዊው ሳይጀምር፣ መሐል ላይ ግራጫ ካሬ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ዓይን ግማሽ ካሬ ያየ ይመስለዋል። ይህችን ግራጫ ካሬ እባካችሁ አትርሱብኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ስለ ጋሼ ልናገር። ጋሼ ከግቢያችን ጥግ ያሉ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። እጃቸው እስከ ዛሬ የሞተር ዘይት ይሸታል ብል አላጋነንኩም። አንድ ቀን ዳግላስ ዲሲ-3ን ከአሮጌ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ስዬ አሳየኋቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው የዚሁ ወንድም በሆነው በሲ-47 ነው። ርዝመቱ 20 ካሬ ሆነልኝ፤ ጥሩ የሠራሁ መስሎኛል።

ጋሼ አዩትና «ይሄ አይሮፕላን ምን ነካው? ተኝቷል እኮ» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ፎቶህን እይ!»

አየሁ። ፎቶው ላይ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ፣ ጭራው መሬት ሊነካ ደርሶ ቆሟል። ትንሿ ጎማ ከጭራው ሥር ናት። እኔ ግን አግድም፣ ቀጥ አድርጌ ነበር ያቆምኩት። ለምን? ዕድሜዬን ሙሉ ያየኋቸው አይሮፕላኖች ሁሉ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ነዋ! ፎቶው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ እጄ ከፎቶው ሳይሆን ከጭንቅላቴ ቀዳ። ጋሼ ደብተሩን መለሱልኝና «ዓይንህ ሰነፍ ነው፤ የሚያውቀውን ነው የሚያይልህ» አሉኝ። እኔም ካሬውን ሁሉ አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ።

ደግሞ ፎቶም ይዋሻል። ከቅርብ የተነሣ ፎቶ አፍንጫውን ያሳብጣል፣ ጭራውን ያሳንሳል። ከታች የተነሣ ክንፉን ያስረዝማል። ስለዚህ አንድ ፎቶ አይበቃም፤ ሦስት አራት ሰብስቦ ከተጻፈው ልክ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ፎቶ የማይገኝላቸውም አሉ። አገራችን የመጀመሪያውን አይሮፕላን፣ የፈረንሳዩን ፖቴዝ 25ን፣ ያስገባችው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። «ፀሐይ» የተባለችውን አይሮፕላን ደግሞ ሉድቪግ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚሁ አገር ሠርቷት በ1928 ዓ.ም. በረረች። ያን ጊዜ ወረራው ተጀምሮ ነበር፤ ጣልያን ወሰዳት። የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ፀሐይን ለመሳል በተነሣሁ ጊዜ ያገኘኋቸው ጥርት ያሉ ፎቶዎች ሁሉ እዚያ ጣልያን ሙዚየም ውስጥ ሳለች የተነሡ ነበሩ። አሁን በናታችሁ፣ አገሬ ላይ የተሠራችውን አይሮፕላን ለመሳል የወሰዳት ሰው ግድግዳ ሥር ቆማ የተነሣችውን ማየት! ያን ቀን ከካሬው ይልቅ ከበስተጀርባዋ ያለው ወለል ነው ያስቸገረኝ። ሳልኳት፤ ወለሉን ግን ተውኩት። «አገር ስንት ችግር እያለባት አንተ አይሮፕላን ትቆጥራለህ» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው። የራስን ነገር በልኩ ማወቅ ትንሽ ሥራ አይመስለኝም።

ወደ እትዬ ልመለስ። ደብተሬን ባዩ በሳምንቱ ጠሩኝ። ቡና ተፈልቷል። ሁለተኛው ላይ ደርሰን ነገሩን አወጡት።

«ልጄ የሄደችበትን አይሮፕላን ንድፍ ሥራልኝ። ለቴሌቪዥኑ ዳንቴል አደርገዋለሁ።»

ልጃቸው ቤይሩት ከገባች አራት ዓመቷ ነው። እኔ ተደስቼ «ችግር የለም እትዬ!» አልኩ። ማታውኑ ተቀምጬ 787ን በጥቁርና በነጭ ሠራሁት፤ 57 በ17። ፎቶው ከካላንደሩ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ከጎን የተነሣ። በማግስቱ ሰጠኋቸው። እትዬ ከጭራው ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጠው፣ ከንፈራቸው እየቆጠረ፣ ኪሮሹ ሲሄድ አያለሁ። በሁለት ሳምንት ክንፉ ላይ ደረሱ።

አንድ ቀን «መስኮቷን አላየሁትም» አሉኝ።

«መስኮት አይገባም እትዬ። ከካሬዋ ያንሳል።»

«ልጄ ከካሬ ታንሳለች?» አሉኝ። በቀልድ ነው ያሉት፤ ግን መልስ አጣሁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው «ይኸው፣ እዚህ ላይ ቁጠርና አምጣልኝ» ብለው አንድ ፎቶ አሳዩኝ። ልጅቷ በሄደችበት ሌሊት ከመሳፈሪያው መስታወት ጀርባ ሆና ያነሣችው ነው። መብራቱ መስታወቱ ላይ አንጸባርቆ ግማሹን አበላሽቶታል። የሚታየው ጭራውና አንዱ የክንፍ ጫፍ ብቻ ነው።

የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ብሎ ቆሟል።

ሆዴ ባዶ ሆነ። የ787 ክንፍ እንደዚያ የቆመ ጫፍ የለውም፤ እየቀጠነ ወደ ኋላ ይሸሻል። የጭራውንም ሥር አየሁት፤ ከጀርባው ጋር ሲገናኝ እጥፋት አለው። ይህ ቦይንግ 737-800 ነው። ርዝመቱ 57 ካሬ ሳይሆን 40 የማይሞላ።

እንግዲህ ጥፋቴ ምን እንደነበር ልብ በሉ። በየትኛው እንደሄደች አልጠየቅኩም። ጥሩ ፎቶ የነበረኝን አይሮፕላን ሳልኩላቸው እንጂ ልጃቸው የተሳፈረችበትን አልሳልኩም። ጋሼ ያሉት ሰነፍ ዓይን እንደገና ሠራልኝ፤ የሚያውቀውን አየልኝ።

«እቆጥረዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ።

በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ራሴን ያሳመንኩበትን ብትሰሙ ትስቃላችሁ። ዳንቴል ነው፣ ማን ይለካዋል አልኩ። ሁለቱም የአንድ አየር መንገድ ናቸው አልኩ። እሳቸው ልዩነቱን አያውቁም፣ ደስታቸውን ለምን አፈርሳለሁ አልኩ። የሁለት ሳምንት ሥራቸውን ሳስብ ደሞ ዝም ማለቱ ራሱ ደግነት መሰለኝ። ለካ ያቺን ግራጫ ካሬ ነበር የምፈልገው፤ ውሸትም ያልሆነች፣ እውነትም ያልሆነች፣ ዓይን የምታታልል።

ቢሆንም በድብቅ 737ቱን መቁጠር ጀመርኩ። እዚያም ገጠመችኝ። ርዝመቱ 39 ሜትር ተኩል ነው። ቁመቱ 12 ሜትር ተኩል ነው። ያቺ ቀና ያለችው የክንፍ ጫፍ ራሷ ሁለት ሜትር ተኩል ግድም ናት። ሁሉ ነገሩ ተኩል! ስልክ ላይ ቢሆን ግራጫ አድርጌ አልፈው ነበር። ዳንቴል ላይ ግን ግራጫ የለም። ዓይኑ ወይ ይሞላል፣ ወይ ክፍት ይተዋል። የክንፉን ጫፍ ሁለት ላድርጋት ሦስት? ብዙ ካሰብኩ በኋላ ሦስት አደረግኳት። ትንሽ ተጋንናለች፤ ነገር ግን ያቺ ጫፍ ከሌለች ያ አይሮፕላን ያ አይሮፕላን አይደለም። ርዝመቱን 40፣ ቁመቱን 13 አልኩና አዲሱን ንድፍ ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሦስቱን ቀን ዝም ማለቴንም ጭምር።

ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲያዩት ቆዩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ፎቶውን፣ አዲሱን ንድፍ፣ ፎቶውን እያፈራረቁ አዩ። በጣታቸው የክንፏን ጫፍ ነኩ።

«አዎ፤ ይቺ ቀና ያለች ነገር አለች» አሉ።

ከዚያም የክሩን ጫፍ ፈልገው ያዙና ጎተቱ። የሁለት ሳምንት ሥራ ዓይን በዓይን እየተፈታ ሲሄድ አየሁ። መጀመሪያ ክንፉ ጠፋ፣ ቀጥሎ አካሉ፣ በመጨረሻ ጭራው።

«እትዬ፣ ባይተረተርስ? ለሌላ ነገር ይሆን ነበር እኮ» አልኩ።

«ልጄ ያልተሳፈረችበት ምን ያደርግልኛል?» አሉና ክሩን ማጠንጠን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው «ሦስቱን ቀን ባትቆይ ይሄን ያህል አልሄድም ነበር» አሉ። ያቺን ብቻ ነው የወቀሱኝ። በቂዬ ናት።

አዲሱን ለመጨረስ አንድ ወር ፈጀባቸው። የመስኮቱን ነገር ግን አልተውኩትም ነበር። እንዴት ላድርገው እያልኩ ቀለም ሳማርጥ ከረምኩ፤ ቢጫ ክር ትግባ? ሰማያዊ? ለነጩ ዳንቴል ምን ይስማማዋል? አንድ ምሽት ጠርተው አሳዩኝ። ዳንቴሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ተዘርግቷል። 40 በ13፣ የክንፏ ጫፍ ሦስት ዓይን ቀና ብላ። በሞላው አካል መሐል፣ ከክንፉ ትንሽ ኋላ፣ አንድ ዓይን ክፍት ነው። እኔ ንድፉ ላይ ሙላ ያልኩትን እሳቸው ሳይሞሉ ትተውታል። በዚያች ቀዳዳ የቴሌቪዥኑ ጥቁረት ብቅ ይላል።

እኔ ምን እንደምጨምር ሳስብ እሳቸው ትተውት አረፉ።

እሑድ ልጃቸው ደወለች። በምስል ነበር፤ ስልኩን እኔ ያዝኩላቸው። ዳንቴሉን አሳየኋት። አየችው፣ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። እትዬ ጣታቸውን ቀዳዳዋ ላይ አድርገው «አንቺ እዚህ ነሽ» አሏት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ መስኮት ጋ አልነበርኩም፤ በመተላለፊያው በኩል ነው የተቀመጥኩት» አለች።

ወደ እትዬ ዞር አልኩ። ለአይሮፕላኑ እውነት የሁለት ሳምንት ሥራ የተረተሩ ሴት ናቸው። አሁንስ?

«ዝም በይ» አሏት። «እኔ የማይሽ በዚች ነው።»

አልተረተሩትም። እኔም ብሆን ይሄኛው ከኔ ጋር አንድ ዓይነት ስሕተት ነው ለማለት አልደፈርኩም። እኔ የሳትኩት ሳላይ ነው። እሳቸው አይተው፣ ሰምተው፣ አውቀው ነው ክፍት የተዉት። ልዩነቱ ይኸው ይመስለኛል፤ ያላወቁትን መተውና አውቀው መተው አንድ አይደለም።

ይህች መጽሔታችን በስቴንስል የምትባዛ፣ ከጥቁር ሌላ ቀለም የማታውቅ ስለሆነች ሥዕሎቼን ከዚህ ጋር ማውጣት አልቻልኩም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ባለ ካሬ ደብተር የሌለው ተማሪ የለም። አርባ ካሬ በወርድ፣ አሥራ ሦስት በቁመት ከልል። ደህና ፎቶ አስቀምጥ፤ ከመጀመርህ በፊት ግን ለማን እንደምትሠራና የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። ከዚያ ቁጠር። ተኩል በደረሰ ቁጥር ቆም በል፤ ወይ ሙላ፣ ወይ ተው።

እኔ አሁን ዲሲ-3ን እንደገና እየሠራሁ ነው። ጋሼ ገና አላዩትም። አፍንጫው ቀና ብሏል።